የስቴት ታክስ ዕዳና የኮሌክሽን ክስ፦ ለየትኛው የቱ መንገድ ያዋጣል?

ሁለቱም ደብዳቤዎች እንቅልፍ ይነሳሉ። አንደኛው ከአናፖሊስ፣ ከሜሪላንድ ኮምፕትሮለር (የስቴቱ ታክስ ሰብሳቢ) ቢሮ የመጣ የታክስ ማስታወቂያ ነው። ሌላው የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። ከሳሹ ስሙን ሰምተውት የማያውቁት ድርጅት ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ከዓመታት በፊት የተዘጋ ክሬዲት ካርድ። ብዙ ሰው ሁለቱንም አንድ መሳቢያ ውስጥ ይከታቸዋል። ያልከተተው ደግሞ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መላ ይፈልጋል። ደውሎ ይለምናል፣ መቶ ዶላር ይወረውራል፣ ቀን ይገፋል።

የሁለቱ ባሕርይ ግን ለየቅል ነው። ስቴቱ ገንዘቡን ለመውሰድ ዳኛ ፊት መቆም አያስፈልገውም። የታክስ ውሳኔው ከጸና በኋላ ደመወዝዎን ሊያስቆርጥ፣ የባንክ ሒሳብዎን ሊያግድ፣ በቤትዎ ላይ ሊን የሚባለውን ማገጃ ሊያስመዘግብ ይችላል። የፌዴራል ሪፈንድዎ እጅዎ ሳይገባ ወደ ስቴቱ ሊዞር ይችላል። ሜሪላንድ ከዚህም አልፎ የመንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ እድሳት ያስከለክላል። በታክሲና በኡበር ለሚተዳደር ሰው ይህ ማለት እንጀራው ተዘጋ ማለት ነው።

ኮሌክሽኑ፣ ማለትም ዕዳ ሰብሳቢው ድርጅት፣ ከእነዚህ አንዱንም በራሱ ማድረግ አይችልም። ይደውላል፣ ደብዳቤ ይልካል፣ ለክሬዲት ቢሮዎች ያሳውቃል። ከዚያ በላይ ለመሄድ ፍርድ ያስፈልገዋል። ፍርዱን የሚያገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተከሳሹ ስለማይቀርብ ነው።

ስለዚህ የመንገዱ ምርጫ ይገለበጣል። ስቴቱን ቶሎ ማነጋገር ይጠቅማል። ኮሌክሽኑን ከማነጋገርዎ በፊት ግን ለፍርድ ቤቱ መልስ መስጠት ይጠቅማል። ኪስዎ ውስጥ ያለው ጥቂት ከሆነ ገንዘቡ በቅድሚያ ለስቴቱ፣ ቀኑ በቅድሚያ ለፍርድ ቤቱ ይሁን። መልስ መጻፍና መቅረብ እንደ ክፍያ ኪስ አይጎዳም።

ምሳሌ የማደርገው በአብዛኛው ሜሪላንድን ነው፤ ዲሲንና ቨርጂኒያን በየቦታው አነሳለሁ። ሌላ ስቴት የሚኖሩ ከሆነ ቀናቱና መጠኑ ይለያያሉ፤ የአካባቢዎን ይጠይቁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስቴቱ ሲጽፍ፦ ቁጥሩ ከየት መጣ?

አብዛኛው ሰው ደብዳቤውን ከፍቶ የሚያየው የመጨረሻውን ድምር ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ክፍያ ፕላን ይሮጣል። ቆይ! መጀመሪያ ቁጥሩ እውነት መሆኑን እንይ።

ኡበር የሚሠራ ሰው እናስብ። የ2024ን ታክስ አላስገባም። ስቴቱ ስለ ገቢው መረጃ ከአይአርኤስ (ከፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) ያገኛል። ኡበር የላከው 1099-ኬ የሚባል የገቢ ማስታወቂያ ላይ 62,000 ዶላር ተጽፏል እንበል። ይህ ተሳፋሪዎች የከፈሉት ጠቅላላ ነው። ኡበር ለራሱ የቆረጠው ኮሚሽንና ልዩ ልዩ ክፍያ ውስጡ አለ። ሰውየው በዚያ ዓመት ለሥራ 40,000 ማይል ነድቶ መዝግቦ ከያዘ፣ የዓመቱ የአይአርኤስ ተመን በማይል 67 ሳንቲም ስለነበር 26,800 ዶላር ከገቢው ይቀነስለታል። ኮሚሽኑም ይቀነሳል። ስቴቱ በግምት ሲያሰላ ግን ይህንን አንዱንም ላያውቅ ይችላል። የሚያውቀው 62,000 ነው።

ይህ ሰው በግምቱ ላይ ክፍያ ፕላን ቢገባ የማይገባውን ዕዳ በየወሩ እየከፈለ ነው። ለእሱ ትልቁ ቅናሽ ያለው ያላስገባውን ሪተርን (የዓመቱን የታክስ ቅጽ) በማስገባት ውስጥ ነው። ድርድርም ጠበቃም ሳያስፈልግ ዕዳው በብዙ ሊወርድ ይችላል። ማይሉን ካልመዘገበስ? የኡበር አፕ በጉዞ ላይ ያለውን ማይል ስለሚይዝ ከዚያ ይጀምራል፤ የዘይት ቅያሪና የጥገና ደረሰኞች ላይ የተጻፈው የመኪናው ማይል ደግሞ ያጠናክረዋል።

ሌላው በእኛ አካባቢ የሚደጋገመው ችግር የስቴት መምታታት ነው። ሰውየው ዲሲ ይሠራል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። አሠሪው ዓመቱን ሙሉ ለዲሲ ሲቆርጥ ቆይቷል። ሜሪላንድ ደግሞ «የእኔ የታለ?» ትላለች። ዲሲ የከተማው ነዋሪ ያልሆነን ሰው የግል ገቢ ታክስ ማድረግ በሕግ ተከልክላለች። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መካከልም ደመወዝ የሚታክሰው በመኖሪያ ስቴት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ አልጠፋም፤ የተሳሳተ ቦታ ተቀምጧል። ዲ-40ቢ በሚባለው ቅጽ ከዲሲ ይጠይቁታል። ለወደፊቱ ደግሞ ዲ-4ኤ ሞልተው ለአሠሪዎ ይሰጣሉ። በራስዎ ሥራ የሚተዳደሩ ከሆነና በሦስቱም ስቴቶች የሚሠሩ ከሆነ ግን ነገሩ ይወሳሰባል፤ እዚያ ላይ ባለሙያ ይጠይቁ።

አይአርኤስ የቀድሞ ሪተርንዎን ካስተካከለው ስቴቱ መከተሉ አይቀርም። ሜሪላንድ የፌዴራሉ ለውጥ የመጨረሻ ከሆነ በ90 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቁ ትጠይቃለች። የፌዴራሉን ጨርሻለሁ ብሎ የተኛ ሰው ከዓመት በኋላ የስቴቱ ደብዳቤ ሲመጣ ይደነግጣል።

መቃወም፣ በየወሩ መክፈል ወይስ ቅናሽ መጠየቅ?

ቁጥሩ ስሕተት ነው ብለው ካመኑ ምርጫዎ መቃወም ነው። ቀኑ ግን አጭር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የታክስ ውሳኔ ማስታወቂያ ከተላከ በ30 ቀን ውስጥ እንዲታይልዎ በጽሑፍ ይጠይቃሉ። በኮምፕትሮለሩ ውሳኔ ካልተስማሙ ደግሞ በሌላ 30 ቀን ውስጥ ለሜሪላንድ ታክስ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላሉ። ስሙ ያስፈራል እንጂ አስተዳደራዊ አካል ነው። ስልክ ደውሎ ማስረዳት እንደ መቃወም አይቆጠርም። የስልኩ ሰው በጣም ትሑት ሊሆን ይችላል፣ «ገብቶኛል፣ እጽፈዋለሁ» ሊልዎ ይችላል፤ 30ው ቀን ግን እየሄደ ነው። ይጻፉ፣ የላኩበትን ማስረጃም ያስቀምጡ።

ቁጥሩ ትክክል ከሆነና በአንድ ጊዜ የመክፈል አቅም ከሌለዎ የክፍያ ፕላን አለ። ሦስቱም ቦታዎች በኦንላይን ያስገባሉ። ጥሩ ጎኑ ስቴቱን ያረጋጋል፤ ፕላኑን እስከጠበቁ ድረስ ደመወዝ ወደ ማስቆረጥ የመሄዱ ዕድል ይቀንሳል። መጥፎ ጎኑ ወለዱ አይቆምም። በሜሪላንድ ሕግ የታክስ ወለድ ከ9 በመቶ አይወርድም። ስለዚህ ፕላኑ ሲረዝም ዕዳው ይወፍራል። እኔ ብሆን የምስማማው በምችለው ከፍተኛ መጠን ሳይሆን በመጥፎ ወር እንኳ በማልስተው መጠን ነው። ተርፎ ሲገኝ መጨመር ይቻላል። አንድ ወር ከሳቱ ወይም በዚያው ዓመት አዲስ ታክስ ካልከፈሉ ግን ፕላኑ ይፈርስና ነገሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። እዚህ ላይ ብዙ የራሱ ሥራ ያለው ሰው ይወድቃል። የአሮጌውን ዕዳ ለመክፈል የዘንድሮውን የሩብ ዓመት ክፍያ ይተዋል፤ በሚቀጥለው ሚያዝያ አዲስ ዕዳ ይወለዳል።

ቅጣቱ እንዲነሣልዎ መጠየቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ሕመም፣ የቤተሰብ ሞት፣ ቤት መቃጠል ያለ ምክንያት ከነማስረጃው ጽፈው መጠየቅ ይችላሉ። ወለዱን ማስነሣት ግን ከባድ ነው። ጥያቄው ምንም አያስከፍልም፤ ስለዚህ ሳይጠይቁ አይለፉ።

ሦስተኛው የዕዳ ስምምነት ነው፤ ብዙ ሰው «ኦፈር» ይለዋል። በሬዲዮና በዩቲዩብ ማስታወቂያ የሚጮኸው እሱ ነው። «ዕዳዎን በጥቂት ሳንቲም እንጨርሳለን» ይላሉ። መንገዱ በእርግጥ አለ። በሜሪላንድ ቅጹ ኤምዲ 656 ነው፤ ቨርጂኒያም የራሷ አሠራር አላት። ግን ለማን ነው? ገቢው ዝቅ ያለ፣ ንብረት የሌለው፣ ወደፊትም ገቢው ከፍ ይላል ተብሎ የማይጠበቅ ሰው ነው። ሙሉ የገቢና የወጪ ዝርዝር፣ የባንክ ወረቀቶች፣ የቤትና የመኪና ዋጋ ይጠየቃል። ያልገባ ሪተርን ካለ ማመልከቻው ከመጀመሪያው አይታይም። ቤት ገዝቶ ዋጋው የጨመረለት፣ ጡረታ ውስጥ ገንዘብ ያለው፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ ባለትዳር ብዙ ተስፋ ባያደርግ ይሻላል። አይአርኤስ ኦፈር ስለተቀበለዎ ስቴቱም ይቀበላል ማለት አይደለም፤ ለየብቻ ይጠየቃሉ። በእኔ ግምት ለአብዛኛው ሠራተኛ የሚሆነው ትክክለኛ ሪተርን፣ የቅጣት ማንሻ ጥያቄና የሚቻል ፕላን ነው። ማስታወቂያው ይህንን አይሸጥም።

ሬስቶራንት ወይም ሱቅ ያለው ሰው ደግሞ ሽያጭ ታክሱን ከገቢ ታክሱ መለየት አለበት። በዲሲ የሬስቶራንት ምግብ ላይ የሚሰበሰበው 10 በመቶ፣ በሜሪላንድ 6 በመቶ፣ በአልኮል ላይ 9 በመቶ፣ የደንበኛው ገንዘብ ነው። ለኪራይ ቢጎድል ከዚያ መበደር ይቀላል፤ ግን ከሁሉም የታክስ ዕዳ ይህ የከፋው ነው። ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ነኝ ማለት አያድንም፤ ባለቤቱ በግሉ ይጠየቃል። በፍርድ ቤት ኪሣራ (ባንክራፕሲ) እንኳ አይሰረዝም። በዲሲ ደግሞ ለከተማው ዕዳ እንደሌለብዎ የሚያሳየውን የክሊን ሃንድስ ማረጋገጫ ስለማያገኙ የንግድ ፈቃድዎ ላይታደስ ይችላል። ሁለት ዓይነት የታክስ ዕዳ ካለብዎ ይህኛው ይቅደም።

ለዜግነት ማመልከት ያሰበም ልብ ይበል። የዜግነት ቅጹ ጊዜው ያለፈበት የፌዴራል፣ የስቴት ወይም የአካባቢ ታክስ ዕዳ እንዳለብዎ በግልጽ ይጠይቃል። ዕዳ ያለበት ሰው ስምምነት ፈርሞ እየከፈለ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል። ቅጹ ስለ ክሬዲት ካርድ ዕዳ ግን አይጠይቅም። ስቴቱን የማስቀድምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መጥሪያው ሲመጣ

በክሬዲት ካርድ ዕዳ የሚከስሰው ብዙውን ጊዜ ባንኩ ራሱ ሳይሆን ዕዳውን በርካሽ የገዛ ድርጅት ነው። የዕዳ ዝርዝሩ በኮምፒውተር ፋይል ይሸጣል፣ እንደገና ይሸጣል። ስም ይሳሳታል፣ የተከፈለው አይመዘገብም፣ ወለዱ ይነፋል። በ2015 የፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ከአገሪቱ ትልልቅ ዕዳ ገዢዎች ሁለቱን፣ ኤንኮርንና ፖርትፎሊዮ ሪከቨሪን፣ በቂ ማስረጃ በሌለው ዕዳ ሰው በማሳደድ ለሸማቾች በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር እንዲመልሱ አድርጓል። ስለዚህ «ዕዳው የእኔ ነው፣ ምን ብዬ እከራከራለሁ?» ማለት የለብዎትም። መጠኑ ትክክል ነው? ከሳሹ በእርግጥ ገዝቶታል? ጊዜው አላለፈም? እነዚህን ማስረዳት የከሳሹ ሥራ ነው።

በሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት (እስከ 30,000 ዶላር ድረስ ያለውን ክስ ያያል) ከመጥሪያው ጋር የመከላከል ፍላጎት ማስታወቂያ የሚባል አጭር ቅጽ ይመጣል። መጥሪያው በደረሰዎ በ15 ቀን ውስጥ ሞልተው ለፍርድ ቤቱ ይመልሳሉ። ቅጹ ረጅም ክርክር አይፈልግም። «ዕዳውን እክዳለሁ፤ ከሳሹ ባለመብት መሆኑን ያስረዳ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ይህን ካላደረጉ ከሳሹ ያያያዘው የመሐላ ቃል ብቻ ታይቶ ያለ ክርክር ሊፈረድብዎ ይችላል። ካደረጉ ግን ዕዳ ገዢው ወረቀቱን ማምጣት አለበት። የዕዳውን መኖር፣ ከመጀመሪያው ባንክ ጀምሮ እርሱ ዘንድ እስኪደርስ እያንዳንዱ ሻጭና ገዢ ማን እንደነበር፣ የሜሪላንድ የኮሌክሽን ፈቃድ እንዳለው ማሳየት ይጠበቅበታል። ይህንን ሰንሰለት ማሟላት የማይችል ከሳሽ ጥቂት አይደለም። ተከሳሽ ሲቀርብበት ክሱን የሚያነሳም አለ።

ቨርጂኒያ ሌላ ነው። በጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት በመጥሪያው ላይ በተጻፈው ቀን በአካል ይቀርባሉ። ጽሑፍ ልኮ መቅረት አይበቃም። ዳኛው ዕዳውን ያምኑ እንደሆነ ይጠይቅዎታል፤ «እከራከራለሁ» ካሉ ለክርክር ሌላ ቀን ይቀጠራል። ያን ቀን ሥራ ስላለብኝ ብሎ የቀረ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል። የሜሪላንዱን ሰምቶ ቨርጂኒያ ላይ ፖስታ ልኮ የሚቀመጥ፣ የቨርጂኒያውን ሰምቶ ሜሪላንድ ላይ የክርክሩን ቀን ብቻ የሚጠብቅ አለ። መኖሪያዎ የት እንደሆነ ሳይሆን መጥሪያው ከየት እንደመጣ ይዩ።

ይርጋውንም፣ ማለትም በዕዳው ለመክሰስ የተፈቀደውን ጊዜ፣ ይመልከቱ። በሜሪላንድና በዲሲ ለተለመደው የክሬዲት ካርድ ዕዳ 3 ዓመት ነው። በቨርጂኒያ ለተፈረመ የጽሑፍ ውል 5 ዓመት፣ ላልተፈረመው 3 ዓመት ነው። ካርዱን መጨረሻ የከፈሉት መቼ ነው? የድሮ የባንክ ወረቀት ፈልጉ። ይርጋ እርስዎ ካላነሡት ዳኛው ላያነሣልዎ ይችላል። በፌዴራል ደንብ ደግሞ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ኮሌክተር ይርጋ ባለፈበት ዕዳ መክሰስም በክስ ማስፈራራትም አይችልም።

እዚህ ላይ ነው ስልክ የሚያስቸግረው። ኮሌክተሩ ሲደውል «እሺ፣ ለመልካም ፈቃድ 50 ዶላር ብቻ» ይላል። በብዙ ቦታ ይርጋው ከማለፉ በፊት የምትከፈል ትንሽ ገንዘብ ሰዓቱን እንደ አዲስ ታስጀምራለች። ሜሪላንድ ለሸማች ዕዳ ይርጋ ካለፈ በኋላ የሚከፈል ገንዘብ ዕዳውን እንደማያስነሣው ደንግጋለች። ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አይደለም። ክስ ገና ካልተመሠረተና ደብዳቤ ብቻ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ማስታወቂያ በደረሰዎ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይቃወሙ። ማስረጃ እስኪያመጣ ዕዳውን መጠየቅ ማቆም አለበት። መጥሪያ ከመጣ በኋላ ግን ይህ ደብዳቤ የፍርድ ቤቱን ቀን አያስቆምም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

ኮሪደሩ ላይ የሚደረገው ስምምነት

ቀርበዋል እንበል። ሮክቪል ወይም ሃያትስቪል ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ፋይል የታቀፈ ሰው ስም ይጠራል። የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ይመስላል፤ የከሳሹ ጠበቃ ነው። ፈገግ ይላል። «ዳኛ ፊት ሳንቀርብ እንጨርሰው? በወር 75 ዶላር ይቻልዎታል?» ይላል። ግማሽ ገጽ ወረቀት ያወጣል። የደከመው፣ እንግሊዝኛው ያልሞላለት፣ መኪናው ሜትር ላይ ያለ ሰው ይፈርማል።

ምን ፈረመ? ሁለት ዓይነት ወረቀት አለ። አንዱ ክፍያው እስኪያልቅ ክሱ እንዲቆይና ሲያልቅ እንዲዘጋ ያደርጋል። ሌላው በስምምነት የተሰጠ ፍርድ ነው። ሁለተኛው ላይ ሲፈርሙ ፍርድ ተሰጠ ማለት ነው። አንድ ክፍያ ቢያልፍዎ ከሳሹ በቀጥታ ወደ ደመወዝዎ ይሄዳል፤ የሜሪላንድ ፍርድ ደግሞ 12 ዓመት ይቆያል፣ ይታደሳልም። ስለዚህ መስማማት ከፈለጉ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ይህ ፍርድ ነው ወይስ ክሱ ይዘጋል?» ጠበቃው ቢቸኩል እርስዎ አይቸኩሉ። አስተርጓሚው እስኪመጣ መጠበቅ መብትዎ ነው።

በአንድ ጊዜ የሚከፍሉት ገንዘብ ካለዎ ከወርሃዊው ይልቅ ቅናሽ የሚያስገኘው እሱ ነው። ዕዳ ገዢው በርካሽ ስለገዛው ከሙሉው ባነሰ ሊስማማ ይችላል፤ በተለይ ወረቀቱ ካልተሟላለት። ስምምነቱን በጽሑፍ ሳይዙ ግን ካርድ ቁጥርዎን አይስጡ። የቀረልዎ 600 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ 1099-ሲ ሊላክልዎ ይችላል፤ የተሰረዘው ዕዳ እንደ ገቢ ይቆጠራል። ያኔ ዕዳዎ ከንብረትዎ ይበልጥ ከነበረ በቅጽ 982 ማስወጣት ይቻላል። ካልሞሉት የኮሌክሽኑ ዕዳ ተመልሶ የስቴት ታክስ ዕዳ ይሆናል።

ከተፈረደ በኋላ

ሳያውቁ ተፈርዶብዎት ከሆነ ቶሎ ይንቀሳቀሱ። በሜሪላንድ ፍርዱ በተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ እንዲነሣ ቢጠይቁ ዳኛው ሰፊ ሥልጣን አለው። ከዚያ በኋላ በር ይጠባል።

ደመወዝ በሙሉ አይወሰድም። የፌዴራሉ ጣሪያ ታክስና የግዴታ ተቆራጮች ከተነሡ በኋላ ከሚቀረው 25 በመቶ ነው። ሜሪላንድ ላይ ዝቅተኛ ተከፋይ የሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ ጥበቃ አለው፤ የስቴቱ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በ30 ተባዝቶ ያለው ሳምንታዊ ገንዘብ አይነካም። ክፍያው 15 ዶላር ከሆነ 450 ዶላር ነው። የባንክ ሒሳብዎ ከታገደ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ጠይቀው እስከ 6,000 ዶላር ማስለቀቅ ይችላሉ። ካልጠየቁ ሊሄድ ይችላል። የባልና ሚስት የጋራ ሒሳብም ፍርዱ በአንዳቸው ላይ ብቻ ከሆነና ሒሳቡ ከፍርዱ በፊት የጋራ ከነበረ በሜሪላንድ አይያዝም።

የዕቁብ ሰብሳቢ ከሆኑ ይህን ልብ ይበሉ። የሃያ ሰው ገንዘብ በስምዎ ሒሳብ ውስጥ ካለ ባንኩ የሚያውቀው የእርስዎን ስም ብቻ ነው። ፍርድ ወይም የታክስ ዕዳ ያለበት ሰው ሰብሳቢነቱን ለሌላ ቢያስረክብ የሚያስከፋው ሰው አይኖርም። ስቴቱ ኦዲት ቢያደርግዎም ያ ሁሉ ገቢ የተደረገ ገንዘብ ያስጠይቃል። የዕቁቡን ደብተር አይጣሉት።

እስር ይኖር ይሆን የሚል ፍርሃት አለ። በክሬዲት ካርድ ዕዳ ማንም አይታሰርም። ከፍርድ በኋላ ግን ፍርድ ቤቱ ስለ ንብረትዎ እንዲጠየቁ ቢጠራዎና ቢቀሩ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ጥሰት ሊያዙ ይችላሉ። «ሸሪፍ ልንልክብዎ ነው፣ በጊፍት ካርድ ይክፈሉ» የሚል ስልክ ግን ሌባ ነው፤ ይዝጉት። ስለ ክሬዲት ሪፖርትም አንድ ቃል፦ ሦስቱ ትልልቅ ቢሮዎች በ2017 ፍርድን፣ በ2018 የታክስ ሊንን ከሪፖርት አውጥተዋል። ቤት ሲሸጡ ወይም ሪፋይናንስ ሲያደርጉ ግን የባለቤትነት ምርመራው ላይ ይወጣሉ።

ኪሣራ መቼ ይታሰባል?

ሁለቱም ዕዳ በአንድ ጊዜ ሲከማችና ወርሃዊ ገቢ ሲበልጡት። ማመልከቻው በገባበት ቅጽበት ክሱም የደመወዝ ቁረጣውም ይቆማል። ቻፕተር 7 የሚባለው የኪሣራ ዓይነት የክሬዲት ካርዱን ዕዳ ያጠፋል። የስቴት ገቢ ታክስን የሚያጠፋው ግን ሪተርኑ ማስገቢያ ጊዜው ካለፈ 3 ዓመት፣ ሪተርኑ ከገባ 2 ዓመት፣ ታክሱ ከተወሰነ ደግሞ 240 ቀን ካለፈው ነው። ሦስቱም መሟላት አለባቸው። ሪተርን ያላስገባ ሰው ይህ በር ዝግ ነው። ታክሱን በክሬዲት ካርድ ከፍሎ ከዚያ ኪሣራ ለመግባት ማሰብም አያዋጣም፤ ለታክስ የወጣው ገንዘብ በቻፕተር 7 አይሰረዝም። ቻፕተር 13 ከ3 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ፕላን ያስከፍላል፤ ቤት ለማዳን ለሚፈልግ ይሆናል። ይህን ብቻዎን አይሞክሩት።

ማን ጋር መሄድ?

ሪተርን ማስገባት ብቻ ከሆነ ሜሪላንድ ውስጥ በስቴቱ የተመዘገበ የታክስ አዘጋጅ ይበቃል። ምዝገባውን ይጠይቁ፤ አለማሳየት መልስ ነው። ለመቃወም ወይም ለኦፈር ኢኤ (በአይአርኤስ ፈቃድ ያለው የታክስ ባለሙያ) ወይም ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ) ይሻላል፤ ቅጽ 548 ላይ ፈርመው ውክልና ሲሰጡ ከኮምፕትሮለሩ ጋር ስለ እርስዎ መነጋገር ይችላሉ። ፍርድ ቤት ግን ሊቆምልዎ የሚችለው ጠበቃ ብቻ ነው። የሰፈሩ የታክስ ሰው «እኔ አናግርልሃለሁ» ቢል መጥሪያ ላይ አይሠራም። ኮሌክተሩ ሕግ ጥሶ ከሆነ ደግሞ በ1977ቱ የፌዴራል የዕዳ አሰባሰብ ሕግ መሠረት ካሳና የጠበቃ ወጪ ስለሚከፍል፣ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ጉዳዩን የሚይዙ የሸማች ጠበቆች አሉ።

ዕዳ እናስቀንሳለን የሚሉ ድርጅቶችን በተመለከተ፣ ክሬዲት ካርድን ለመሰለ ዕዳ በስልክ የሚሸጥ የዕዳ ቅነሳ አገልግሎት ዕዳውን ከመቀነሱ በፊት ክፍያ መቀበል ከ2010 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ ተከልክሏል። ቅድሚያ የሚጠይቅዎ ከሆነ ስልኩን ዝጉ። «ለኮሌክሽኑ መክፈል አቁም፣ ለእኛ አስቀምጥ» የሚሉት ደግሞ ገንዘቡ እስኪጠራቀም ክሱ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ መጥሪያው ላይ መልስ አይሰጡልዎም።

ገቢዎ ዝቅ ያለ ከሆነ ነጻ የሕግ እርዳታ የሚሰጡትን፣ ሜሪላንድ ሊጋል ኤይድ፣ በዲሲ ሊጋል ኤይድ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ሊጋል ሰርቪስስ ይሞክሩ። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች የእርዳታ ማዕከል በስልክና በኦንላይን ከጠበቃ ጋር በነጻ ያገናኛል፤ መልስ መስጫ ቅጹን አብረዎት ይሞላሉ። በዲሲ ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ የከተማው ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የታክስ ቢሮው ሲደውሉ አስተርጓሚ ይጠይቁ። በሜሪላንድ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ በነጻ ነው፤ ሲሲ-ዲሲ-041 የሚለውን ቅጽ ከቀጠሮው በፊት ያስገቡ። ልጅዎን ለማስተርጎም ይዘው አይሂዱ። ሲሄዱ መጥሪያውን ከነፖስታው፣ ያለዎትን የመጨረሻ የካርድ ስቴትመንትና የከፈሉበትን ማስረጃ ይያዙ፤ ፖስታው ላይ ያለው ቀን አንዳንዴ ከውስጡ ወረቀት ይበልጥ ይረዳል።